ዘፋኝ የሌለው ዜማ፦ ስለ ዋልያስ ባንድ የመጀመሪያ ዓመታትና ስለ ሬዲዮናችን

ሁላችንም ከምናውቀው ልማድ እንነሣ። አንድ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ «ማን ነው የዘፈነው?» ብለን እንጠይቃለን። «ማን ነው ባሱን የመታው? ሳክስፎኑን የነፋውስ?» የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም። ዘፋኝ የሌለበት ዜማ ከመጣማ ጥያቄውም አብሮ ይቀራል። «ክላሲካል ነው» ይባልና ወሬው ይቀጥላል። በአገራችን አነጋገር «ክላሲካል» ማለት የባኽ ወይም የሞዛርት ሙዚቃ ማለት አይደለም፤ ግጥም የሌለው፣ ከዜና በፊትና ከማስታወቂያ በኋላ የሚገባ፣ ሰው ሻዩን እየጠጣ ልብ የማይለው ዜማ ማለት ነው። ሬዲዮው ዘፈን አቁሞ ይህንኑ «ክላሲካል» ደጋግሞ ያሰማ እንደሆነ ብቻ ሰው ነቃ ብሎ «እንዴ! ማን ሞተ?» ይላል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። «ክላሲካል» ብለን የናቅነው ሙዚቃ፣ በተለይም ዋልያስ ባንድና አይቤክስ ባንድ ከ1975 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት የቀረጹት፣ የዘፈን ማጀቢያም የሬዲዮ ክፍተት መሙያም አይደለም። ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለዚህም ጥሩው ማስረጃ የተቀረጸበት መንገድ ራሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ከባንዶቹ በፊት የነበረውን ሁኔታ ሳናይ ስለ ባንዶቹ ብንናገር ነገሩ ጥሬ ይሆናል። ዘመናዊው ሙዚቃችን ያደገው የደንብ ልብስ ለብሶ ነው። የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ ከእነሱም ጋር ሀገር ፍቅርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበሩ የሙዚቀኛው ቀጣሪዎች። ሸክላ ማሳተምም ቢሆን ከ1948 ጀምሮ ለሀገር ፍቅር በተሰጠ የብቸኝነት መብት የታጠረ ነበር። ዐምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በ1969 ያን አጥር ዘሎ ማሳተም ሲጀምር ነው በሩ የተከፈተው። ከዚያ ወዲህ ሙዚቀኛው ከሰልፍ ወጥቶ ወደ ምሽት ክበብ ገባ።

ኃይሉ መርጊያ የዚህ ታሪክ ልጅ ነው። በ1946 የተወለደው እዚሁ ጎረቤታችን ደብረ ብርሃን ነው። በ10 ዓመቱ አዲስ አበባ ገባ፤ በ14 ዓመቱ አኮርዲዮን በራሱ ጥረት ተማረ፤ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍልም አለፈ። እኛ የደነባ ልጆች ደብረ ብርሃንን የምናውቃት በውርጯ፣ በብርድ ልብሷና በዩኒቨርሲቲዋ ነው። በኦርጋንና በአኮርዲዮን ዓለም ያወቀውን ሰው የወለደች ከተማ መሆኗን ስንቶቻችን እንናገራለን? የሰሜን ሸዋ ሰው ሲወደስ ጀግናውና ደብተራው ይቆጠራሉ፤ ቁልፍ ነክቶ ያደረ ሰው አይቆጠርም።

የክበብ ሥራ የራሱ ጣጣ ነበረው። በዚያን ጊዜ በአብዛኛው መሣሪያውን የሚገዛው የክበቡ ባለቤት ነበር። ሙዚቀኛው ጣቱንና ትንፋሹን ብቻ ይዞ ይመጣል። ባለቤቱ ያኮረፈ ቀን ባንዱ ባዶ እጁን ይወጣል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቬነስ ክበብ ይሠሩ የነበሩ ልጆች ዋልያስ ተብለው ሲወጡ ከሌሎቹ የለያቸው ነገር የራሳቸው መሣሪያ ባለቤት መሆናቸው ነው። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። መሣሪያው የራሱ የሆነ ባንድ ምን እንደሚጫወት ራሱ ይወስናል። ዘፋኝ ሳይጠራ ተሰብስቦ መለማመድ፣ ዘፋኝ ሳይኖር መቅረጽም ይችላል። ዋልያሶች በ1969 በተከፈተው በአዲስ አበባ ሒልተን ቋሚ ሆነው ዓመታት የዘለቁት በዚህ አቅም ነው።

ስማቸውን እንጻፍ፤ ስም አለመጻፍ ነውና የዚህ ሂስ ዋና ክስ። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ማሕሙድ አማን ጊታር፣ መላኬ ገብሬ ባስ ጊታር፣ ተማረ ሐረጉ ድራም፣ ግርማ በየነ ፒያኖና ቅንብር። በሌላ ወገን ደግሞ አይቤክስ ባንድ ነበረ፦ ጆቫኒ ሪኮ ባስ፣ ሰላም ሥዩም ጊታር፣ ፈቃዱ አምደ መስቀል ሳክስፎን እያለ ይቀጥላል። ኋላ «ሮሐ ባንድ» የተባለው ይኸው ነው። አይቤክስ የሚለው የፈረንጅ ቃል የዋልያን ወገን የሚጠራ ስለሆነ፣ ሁለቱ ታላላቅ ባንዶች በአንድ የሰሜን ተራራ ፍየል ስም ተጠርተዋል ማለት ነው። ተቀናቃኞች ነበሩ ቢባልም በስም እንኳ ዘመዳሞች ናቸው።

ለመሆኑ እነዚህ ልጆች ሮክና ሶል፣ ፈንክና ጃዝ ከየት ተማሩ? የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠው ጥቂት ነው። ብዙው የተማረው በጆሮው ነው፤ ለጆሮ ደግሞ ዋናው መምህር ሬዲዮና ሸክላ ነበር። አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካኖች ቃኘው ጦር ሰፈር የራሱ ሬዲዮ ነበረው፤ ሰፈሩ በ1977 እስኪዘጋ ድረስ የአሜሪካን ዘፈን ለከተማው አሰምቷል። የኪንግ ከርቲስ፣ የጁኒየር ዎከርና የማሲዮ ፓርከር ሳክስፎን በዋልያሶች አነፋፈስ ውስጥ ይሰማል። «እንግዲያማ ኩረጃ ነው» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው፤ ይስማው። ከባሕር ማዶ የመጣው የምቱ አያያዝና የመሣሪያው ቀለም ነው። ዜማው ግን ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ አልወጣም። አዝማሪ ማሲንቆውን ባስመጪ አይገዛም፤ የዋልያስ ኦርጋን ግን በመርከብ መጥቶ እንደ ማሲንቆ አለቀሰ። መሣሪያ ዜግነት የሚያገኘው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ሬዲዮ ቀረጻው እንምጣ፤ ለክርክሬ ትልቁ ነጥብ ይህ ነውና።

በእኛ ሬዲዮ የቀድሞዎቹ ኦርኬስትራዎች ሙዚቃ የሚቀረጸው በአንድ ትንፋሽ ነበር። ዘፋኙ፣ ነፋሹ፣ ከበሮ መቺው ሁሉ በአንድ ክፍል ይቆማሉ፤ የቴፑ ክር መዞር ይጀምራል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይኬዳል። አንዱ ቢሳሳት የሁሉም ድካም ይፈርሳል። ዛሬ ባሱ ሰኞ፣ ድራሙ ማክሰኞ፣ ድምፁ ሐሙስ በየተራ እንደሚገባው አልነበረም። 

ነገሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። ቢትልሶች ከ1962 እስከ 1965 ድረስ ለቢቢሲ ሬዲዮ እየተጠሩ 88 ዘፈኖችን 275 ጊዜ ተጫውተዋል። ምክንያቱ ጥበብን ማፍቀር ብቻ አልነበረም። የእንግሊዝ ሬዲዮ በቀን የሚያሰማው የሸክላ መጠን ከሙዚቀኞች ማኅበርና ከሸክላ አሳታሚዎች ጋር በተደረገ ስምምነት የተገደበ ስለነበር የቀረውን ሰዓት በሕያው ባንድ መሙላት ግድ ነበረ። በዚያ ግዴታ የተነሣ ዓለም ያልታረመና ያልተቀባባ ቢትልስን አገኘ። ቢቢሲ ግን ክሮቹን ሁሉ አላስቀመጠም፤ ብዙው ጠፋ። በ1994 «ላይቭ አት ዘ ቢቢሲ» ተብሎ ሁለት ሲዲ ሲወጣ ከተገኘው ከፊሉ ያደረው በተራ አድማጮች እጅ ነው፤ ቤታቸው ቁጭ ብለው ከሬዲዮ በቴፕ የቀዱት ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ዋልያሶችና አይቤክሶች የወረሱት ይህንን የአንድ ትንፋሽ አሠራር ነው። ስቱዲዮ ተብሎ የሚጠራ ነገር በበቂ ስላልነበረ የሆቴል አዳራሽ ስቱዲዮ ሆነ። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ሲያወጣ ከኋላው የነበሩት አይቤክሶች ናቸው። ሥራው በ1986 ብራስልስ ላይ በክራመድ ዲስክስ ታትሞ የአውሮፓን ጆሮ ሲይዝ የተወራው ስለ ማሕሙድ ድምፅ ነው፤ ድምፁም ይገባዋል። ነገር ግን ያን ድምፅ የተሸከመው የጆቫኒ ባስና የሰላም ጊታር ነው። እነዚሁ ልጆች በ1976 በራስ ሆቴል አዳራሽ ያለ ዘፋኝ ገብተው መሣሪያ ብቻ ቀረጹ። የቀረጻውን ሥራ የረዳቸው በብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ይሠራ የነበረ ስዊድናዊ የድምፅ ባለሙያ ነው። ብሥራተ ወንጌል በ1963 ሥርጭት የጀመረ የሉተራውያን ጣቢያ ሲሆን በ1977 በመንግሥት ተወርሷል። እንግዲህ አስቡት፦ የመንፈሳዊ ጣቢያ ባለሙያ፣ የዳንስ ባንድ፣ የሆቴል አዳራሽ፣ የአብዮት ዘመን። ያ ቀረጻ ለአደባባይ በደንብ የበቃው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በዚህ ዓይነት ቀረጻ ውስጥ የሚሰማ አንድ ነገር አለ፤ በዛሬው ሙዚቃ ብፈልገው አላገኘሁትም። ሰው ሰውን ሲያዳምጥ ይሰማል። ሳክስፎኑ ሐረጉን ሲጨርስ ጊታሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቦታ ይለቅለታል። ድራሙ የሚቀጥለውን ዙር በአንዲት ምት ያስታውቃል፤ ባሱ ይሰማና ይከተላል። አዳራሹም ራሱ ይሰማል፤ ግድግዳው ድምፁን ይመልሰዋል። ይህ ጉድለት አይደለም። ሰባት ሰው በአንድ ክፍል መቆሙን የሚመሰክረው ይኸው ነው።

ከዋልያሶች ሥራ ሁለቱን ለይቼ ልይ። በ1975 በካሴት የወጣው «ትዝታ» በጊዜው ይታወቁ የነበሩ ዜማዎችን በመሣሪያ ብቻ የሚያቀርብ ነው። ኃይሉ ኦርጋኑን በዘፋኙ ጉሮሮ ቦታ ያስቀምጠዋል፤ ድምፁን ያርገበግበዋል፣ ያንሸራትተዋል፣ ሐረጉ መጨረሻ ላይ ያሳርፈዋል። ግጥሙን የሚያውቅ አድማጭ ቃሉን በሆዱ ይላል። ኃይሉ ቃል ሳይናገር ቃል ማስታወስ መቻሉ የሥራው ብርታት ነው። ድክመቱም እዚያው አለ። ግጥሙን ለማያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ለዛሬ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ አንዳንዱ ዜማ ዘፋኙ የቀረበት ዘፈን መስሎ ሊታየው ይችላል። ባንዱ ገና ከዘፋኙ ጥላ ሥር ሙሉ በሙሉ አልወጣም።

በ1977 በካይፋ ሪከርድስ በሸክላ በወጣው «ቼ በለው» ላይ ግን ወጥቷል። በዚህ ሥራ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን አብሯቸው አለ። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚለው የግርማ በየነ ድርሰት እዚህ ነው ያለው። የሚመካበት ዘፈን የለውም፤ «እገሌ የዘፈነው» የሚባል አይደለም። ነፋሾቹ አንድ ላይ የሚሏት ሐረግ አጭር ናት፤ ትመጣለች፣ ትሄዳለች፣ ደግማ ትመጣለች። ከሥሯ ያለው ባስ ግን አይለቅም። እየተደጋገመች በመጣች ቁጥር ያቺው ሐረግ ሌላ ትመስላለች፤ ከሥሯ ያለው ተንቀሳቅሷልና። ይዘትና ቅርጽ እያልን ክፍል ውስጥ የምንከራከረው ነገር እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ቃል ስለሌለ ቅርጹ ራሱ ይዘት ሆኗል።

ርእሱንም ልብ በሉ። «ቼ በለው» ምን ማለት እንደሆነ ለከተሜ ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል፤ ለደነባ ልጅ አያስፈልግም። ፈረስ የሚጋልብ ሰው ሲያጣድፍ የሚለው ነው። በእኛ በኩል በጥምቀት ሜዳ የጉግስ ፈረስ ያየ ሰው፣ ፈረሱ ከሶምሶማ ወደ ግልቢያ ሲያልፍ ጋላቢው ልጓሙን ላላ እንደሚያደርግለት ያውቃል። ባንዱም የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ልጓሙን ጨርሶ አይለቅም፤ ላላ ያደርጋል። ሒልተን ውስጥ ውስኪ የሚጠጣ ሰው ይህን ርእስ ሲሰማ ምን እንዳሰበ እንጃ። ሙዚቃው ግን የባላገር ግልቢያ ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ሳላነሣው ባልፍ ሂሱ ሂስ አይሆንም። 1977 ምን ዓመት ነበር? ቀይ ሽብር ነው። በእኛ ዕድሜ የነበሩ ተማሪዎች አስፋልት ላይ ወድቀው ያደሩበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ሒልተን ውስጥ ዳንስ ነበረ፤ ይህም ሸክላ ታተመ። ታዲያ ይህን ሙዚቃ ምን እንበለው?

ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። አንደኛው «የምቾት ሙዚቃ ነው፣ ሰው ሲሞት ይጨፍሩ ነበር» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ «ቃል ስለተከለከለ በመሣሪያ ተቃወሙ፤ ምሥጢሩ ውስጡ ነው» ይላል። ሁለቱም አይዋጡልኝም። የመጀመሪያው ሙዚቀኛው ሠራተኛ መሆኑን ይዘነጋል። ሰዓት እላፊ በተጣለበት ከተማ የምሽት ባንድ ማለት በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ የሚጫወት ሰው ማለት ነው፤ ወደ ቤቱ ልሂድ ቢል መንገድ ላይ የሚጠብቀው ጠብመንጃ ነው። ሁለተኛው መልስ ደግሞ ሙዚቃውን ያከበረ መስሎ ያዋርደዋል፤ ዜማ በራሱ ዋጋ የለውም፣ ምሥጢረኛ ግጥም ካልሆነ አይቆጠርም ማለት ነውና። የዘፋኝ አምልኳችን በሌላ በር ተመልሶ ገባ።

እኔ የማምንበትን ልናገር። በዚያ ዘመን በአደባባይ አንዱ ሌላውን ማዳመጥ ያቆመበት ጊዜ ነበር፤ ሁሉም ይጮኻል ወይም ዝም ይላል። በእነዚህ ቀረጻዎች ውስጥ ግን ሰባት ሰዎች እስከ መጨረሻው ይደማመጣሉ። ይህ ተቃውሞ አይደለም፤ ጀግንነት ብዬም አልጠራውም። ነገር ግን በዚያ ዓመት በዚያች ከተማ ሰው እንዲህም ማድረግ ይችል እንደነበር ማስረጃ ነው። ማስረጃነቱ አይናቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። በ1981 ዋልያሶች ከማሕሙድ አሕመድ ጋር አሜሪካ ዞሩ፤ ግርማ፣ ኃይሉ፣ ሞገስና መላኬ እዚያው ቀሩ። ዮሐንስና ተማረ ተመለሱ። ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ጋር አጣምሮ አንድ ካሴት ብቻውን ሠራ፤ ርእሱ ላይ ያቺው «ክላሲካል» የምትል ቃል አለች። ቀጥሎ በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። መኪናው ውስጥ ትንሽ ኪቦርድ ይዞ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ያን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ ገዝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ ወዲህ «ቼ በለው»ና «ትዝታ»ም ተከተሉ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ።

ደስ ይላል፤ ያስቆጫልም። ካሴቱ ባሕር ዳር ነበረ። ጠፍቶ አልነበረም፤ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፈረንጆቹ «የጠፋው ክር ተገኘ» ብለው ሲጽፉ እኛም ተቀብለን «የጠፋው ክር» እንላለን። ከማን ነው የጠፋው? እኛው ሬዲዮ ላይ ስም ሳይጠራ ስንሰማው የኖርነው አይደለም እንዴ! ከዜና በፊት ግማሽ ደቂቃ አሰምተው ያቋረጡትን ዜማ ማን እንደ ተጫወተው አንድ ቀን ቢናገሩ ኖሮ «ተገኘ» የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። 

የአይቤክሱ ጊታር ተጫዋች ሰላም ሥዩም በዚህ ረገድ ምሳሌ ይሁነን። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሯል፤ ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን አመጣጥም አጥንቶ ጽፏል። ማታ ጊታር፣ ቀን ቤተ መጻሕፍት ማለት ነው። እኛ ማታም ቀንም አንድ ነገር አልጻፍንም።

እንግዲህ ከላይ ያዙልኝ ወዳልኳት ነገር ልመለስ። የቢትልስን የሬዲዮ ሙዚቃ ከመጥፋት ያዳኑት በየቤታቸው ከሬዲዮ የቀዱ ተራ ሰዎች ናቸው። በደነባም፣ በእነዋሪም፣ በአንኮበርም በየቤቱ አሮጌ ካሴት አለ። ከአልጋ ሥር፣ በካርቶን፣ ከሠርግ ፎቶ ጋር። አንዳንዱ ላይ ከሬዲዮ የተቀዳ ነገር አለበት፤ ግማሹ ዜና፣ ግማሹ ማስታወቂያ፣ መካከሉ ላይ ግን ያ ስም የሌለው ዜማ። ክረምት ለዕረፍት አገራችሁ ስትገቡ ጠይቁ። የአባቶቻችሁን ካሴት ከመጣሉ በፊት አንድ ጊዜ ስሙት። ማን ኦርጋን ነካ፣ ማን ነፋ፣ የት ተቀረጸ፣ መቼ ተሰማ ብላችሁ ያወቃችሁትን በወረቀት ጻፉ፤ ለዚህች ቡለቲን ብትልኩልን በስቴንስል አባዝተን እናወጣዋለን። ቀለሙ ቢደበዝዝም ስሙ ይነበባል።

ቀጥሎ ሬዲዮ ሲከፈትና ዘፋኝ የሌለው ዜማ ሲመጣ «ክላሲካል ነው» ብሎ ወሬ የሚቀጥል ጓደኛ ካላችሁ ዝም በሉት። ዜማው እስኪያልቅ ይጠብቅ። ካለቀ በኋላ ስማቸውን ንገሩት።